የስኮርቬ አግዳሚ ወንበር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። የሚጠራጠር ካለ ክርክር አልገጥመውም፤ በደብራችን ደወል ምዬ እቀጥላለሁ። ደወሉ አንድ ወገኑ ተሰንጥቋል፤ የተሰነጠቀው ግን እኔ በሐሰት ስለማልኩበት ሳይሆን ደዋዩ ክሌመት በውርጭ ቀን ያለመጠን ስለደበደበው ነው።

ስኮርቬ ከባሕር ሰርጡ በላይ ገደሉ ላይ የተለጠፈ እርሻ ነው። ፍየሎቹ የሚግጡት በገመድ ታስረው ነው፤ ድሮ ሕፃናቱም እንደዚያው ነበሩ። ድንች ሲለቀም ከእጅ ያመለጠ እንደሆነ ቁልቁል እየተንከባለለ ወርዶ ታች ኔድሬቦ ከሚባለው እርሻ ደጃፍ ሲደርስ ልጣጩ አልቆ ነው። የኔድሬቦ ሴቶች በመከር ወራት ድስታቸውን ውሃ ሞልተው ደጅ ያስቀምጡ ነበር።

በዚያ እርሻ ላይ አስላክ ብቻውን ይኖራል። ስልሳ ዓመት ካለፈው ቆይቷል፤ ሚስት አላገባም፤ ወንድምም እኅትም የለውም። እናቱንና አባቱን ከቀበረ ወዲህ ከፍየሎቹ ሌላ የሚያናግረው አልነበረም፤ ፍየሎቹም ቢሆኑ መልስ መስጠት ከተዉ ሰንብተዋል። ማታ ማታ ለአጃ ገንፎው ሁለት ማንኪያ ያወጣል። በአንዱ ይበላል፤ ሲጨርስ ሁለቱንም ያጥባል።

በእኛ ደብር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያንዳንዱ እርሻ የራሱ አግዳሚ ወንበር አለው። ስም አልተጻፈበትም፤ ግን ሁሉም ያውቃል። የስኮርቬ ወንበር በመስኮቱ ሥር ነው፤ ስንት ትውልድ ተቀምጦበት መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። አስላክ ሁልጊዜ ከግድግዳው ጥግ ተለጥፎ ይቀመጣል። ሌሎቹ መንገድ ላይ ያሉ፣ ጥቂት የዘገዩ ይመስል ቀሪውን ቦታ ባዶ ይተውላቸዋል።

ከመተላለፊያው ማዶ ኔድሬቦዎች አሉ። ሐልቫር ከአሮጊት እናቱ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ልጆቹ ከመብዛታቸው የተነሣ መሐል ያለው ሲያስነጥስ ዳር ያለው ይወድቃል። ሐልቫር ቢመረው ለደብሩ ሽማግሌዎች አመለከተ። ሽማግሌዎቹም እስከ ቅዱስ ኡላቭ በዓል ጊዜ ሰጡና፣ እስከዚያ ከአስላክ ጎን ሌላ የስኮርቬ ሰው ካልተቀመጠ ወንበሩ ለኔድሬቦ ይሁን፣ አስላክም ከበሩ አጠገብ፣ መንገደኛና ዓሣ አጥማጅ በሚቀመጥበት ይቀመጥ ብለው ወሰኑ።

አስላክን የከበደው በሩ አጠገብ ያለው ብርድ አልነበረም። ወንበሩ ከሄደ ስኮርቬ የሚባል ሰው በዚህ ምድር ላይ ኖሮ እንደማያውቅ ሊሆን ነው።

መጀመሪያ ተንኮል ሞከረ። አንድ እሑድ የአባቱን፣ የአያቱንና የአጎቶቹን ባርኔጣ ከቆጥ አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ ወንበሩ ላይ ደረደራቸው። ክሌመት በረጅሙ ዘንግ ጫፍ ያለችውን የምጽዋት ከረጢት ይዞ ሲመጣ አልሳቀም። በእያንዳንዱ ባርኔጣ ፊት ከረጢቱን ዘርግቶ ጠበቀ። አስላክ ለአባቱ ሰጠ፤ ለአያቱ ሰጠ፤ ለአጎቶቹ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ሆነ። በሚቀጥለው እሑድ ባርኔጣዎቹ አልመጡም።

እንግዲህ የቀረው በሕይወት ያለ ዘመድ ማግኘት ነው። ዘመድ ያለው ደግሞ ቄሱ ቤት፣ በደብሩ መዝገብ ውስጥ ነው። የድሮ ቄሶች ጽሕፈት ዶሮ ቀለም ረግጣ የተራመደችበት ስለሚመስል ማንበብ የሚችለው ክሌመት ብቻ ነበር። ቄሱ ፈቀደ፤ ሁለቱ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ መዝገቡ ላይ ይደፉ ጀመር።

አድካሚ ነገር ነበር። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በሚኖርበት እርሻ ነው። ወንድምህ ከስኮርቬ ወጥቶ ሊየን ውስጥ ቢያገባ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ሊየን ይባላል፤ ከዚያ ሆቭላንድ ቢገባ ደግሞ ሆቭላንድ ነው። ዘር መከተል ማለት በየገበያው ካፖርቱን የሚለውጥ ሰው ከኋላ መከተል ማለት ነው። የአባቱን ታላቅ ወንድም ተከተሉት፤ አሜሪካ ሄዷል የሚል አንድ መስመር አገኙ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው። የአያቱን እኅት ሊየን፣ ከሊየን ሆቭላንድ ድረስ አሳደዷት። የልጅ ልጅ እንዳላትም አገኙ፤ አስላክ የዚያን ቀን ለፍየሎቹ ሳይቀር ነገራቸው። በማግስቱ የቀብሩን መዝገብ ሲገልጡ ልጁ በዓሣ ማጥመጃው ወቅት ሰጥሟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘርህ እኮ ወይ ባሕር ገብቷል ወይ ባሕር ተሻግሯል» አለው ክሌመት።

ገጹን ገለጥ አደረገና ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። መዝገቡን አየ፤ አስላክን አየ፤ እንደገና መዝገቡን አየ።

«አስላክ።»

«ምን አለ?»

«ሞተሃል።»

«መቼ?»

«ገና ጡት ሳትጥል። ይኸው፣ የስኮርቬው አስላክ፣ በጉሮሮ በሽታ፣ በበልግ ተቀበረ። እኔ ታዲያ በየእሑዱ የምጨብጠው የማንን እጅ ነው? ወንበሩስ ይቅር፣ መቃብርህ ራሱ ተይዟል ማለት ነው።»

ክሌመት ብቻውን ሳቀ። የአስላክን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ሰበሰበ። ነገሩ እንቆቅልሽ አልነበረም፤ በእኛ ዘንድ ልጅ የሞተበት ቤት ለሚቀጥለው ልጅ የሟቹን ስም ያወጣለታል። ይህን የማያውቅ የለም። አስላክም የሌላውን ሁሉ ያውቃል። ስለ ራሱ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም።

ክሌመት ወደ ፊት ገለጠና የሁለተኛውን አስላክ፣ የዚህኛውን ማለቴ ነው፣ የጥምቀቱን መስመር አገኘ። ከሥሩ የክርስትና እናትና አባቶቹ ተጽፈዋል። ክሌመት ስማቸውን እያነበበ፣ በያንዳንዱ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደውዬለታለሁ» ይል ጀመር። ያም ሞቷል፣ ደውዬለታለሁ። ይችም ሞታለች፣ ደውዬላታለሁ። የመጨረሻው ስም ላይ ቆመ።

«ልጃገረድ ጉንቮር ስኮርቬ» አለ። «ለዚችኛዋ አልደወልኩም።»

አስላክ ከተቀመጠበት ተነሣ። ጉንቮር ስኮርቬ! ሰምቶት የማያውቀው ስም ነው። አክስት አለችው ማለት ነው፤ የሞተ ወንድሙን የደበቁት አክስቱንም ደብቀውበታል። የጋብቻውን መዝገብ እንዲያይለት ክሌመትን ለመነው። ጉንቮር ስኮርቬ ተድራ የሄደችው የትም ሳይሆን ታች ኔድሬቦ ነበር። ያቺው አሮጊቷ፣ የሐልቫር እናት። ክሌመት አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የሰውየውን ዓይን አየና መልሶ ዘጋው።

የዚያን ሌሊት አስላክ ስለ ገና አሰበ። በገና ዋዜማ የቤቱ ሙታን መጥተው እንዲያርፉ አልጋውን አንጥፎ ይለቅና እሱ ወለሉ ላይ ጭድ ላይ ይተኛል፤ እናቱ ያስተማረችው ነው። እናቱ በዚያች ሌሊት አልጋው እግር ሥር ትንሽ ትራስ ታኖር ነበር። ለማን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። ካረጀች በኋላም ትራሷን እሱ ራሱ ያኖርላት ነበር።

በነጋታው የእሑድ ልብሱን ለብሶ ኔድሬቦ ወረደ። እማማ ጉንቮር ደጃፍ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች።

«የስኮርቬን ድንች ይዘህልኝ መጥተህ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልላጥኩ» አለችው ቀና ሳትል።

አስላክ መንገዱን ሙሉ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ነበር። ጠፋበት።

«እማማ ጉንቮር፣ አክስቴ ነሽ እንዴ?»

ቢላዋዋ ቆመ። መዝገቡ ላይ ያገኘውን ነገራት። አሮጊቷ ባልዲውን ገልብጣ እንዲቀመጥበት አቀረበችለት።

አክስቱ አልነበረችም። ከዚያ ቤት የኖረችው በገረድነት ነበር፤ ቄሱም ያለችበትን እርሻ ስም ሰጥቶ ጻፋት፣ እንደማንኛውም ሰው። ፍየል ትጠብቅ፣ ውሃ ትቀዳ ነበር። የመጀመሪያው አስላክ ጉንጩ ቀይ፣ ሳቂታ ሕፃን እንደነበር ነገረችው። ሁለተኛው ሲወለድ እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አባቱ ያንኑ ስም ሲያወጣለት ደግሞ ጆሮዋን ደፈነች። ክረምቱ እስኪወጣ ልጁን ከማጥባት በቀር አላቀፈችውም፤ ይኸኛውም ይሄዳል ብላ ነበር።

«ታዲያ ማን አቀፈኝ?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?» አለች ጉንቮር። «ልትጠመቅ ስንወርድ በረዶው ጭስ ማውጫው ላይ ደርሶ ነበር። እግሬ ከዳኝና በቂጤ ተንሸራትቼ፣ አንተን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ ከስኮርቬ ደጃፍ እስከ ባሕሩ ዳር አንድ ጊዜም ሳልቆም ወረድኩ። ሞቷል ብዬ ሻሌን ስገልጥ ትስቃለህ። የስኮርቬ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።»

አስላክ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። የመጣው ወንበሩ ላይ ከጎኑ እንድትቀመጥ ሊጠይቃት ነበር፤ ግን ገረድ ዘመድ አይደለችም፤ ደግሞም ወንበሩን የፈለገው የገዛ ልጇ ነው። ተነሣና ድርቆሹ ሳይደርቅ ዝናብ ይመጣ ይሆን ብሎ ጠየቃት። አይመጣም አለችው። ገደሉ ላይ ለመውጫ የተዘረጋውን ገመድ ይዞ ሽቅብ ወጣ።

የቅዱስ ኡላቭ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። አስላክ እንደ ልማዱ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጧል፤ ጎኑ ባዶ ነው። ሽማግሌዎቹ ወደዚያ ያያሉ፤ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሐልቫርም፣ ክፉ ሰው አይደለምና፣ ጫማውን ነበር የሚያየው። ክሌመት ከላይ፣ ደወሉ ቤት ሆኖ ደወሉን ይደውላል፣ ይደውላል፣ አያቆምም። የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስላል። የደወሉ ጩኸት ሕፃናትን አስለቀሰ፤ ከሰርጡ ማዶ ያለው ደብርም እሳት ተነሣ ብሎ ጀልባ ላከ።

ደወሉ ገና ሳያቆም እማማ ጉንቮር ምርኩዟን ያዘች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አላት ሐልቫር በሹክሹክታ።

«ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እሄዳለሁ። እዚህ ጭኔ ላይ ሦስት ልጅ አለ፤ ዳሌዬ አለቀ።»

መተላለፊያውን ተሻግራ አስላክ ጎን ዘፍ አለች። የሽማግሌዎቹ አለቃ ተነሥቶ በትሕትና፣ እማማ የኔድሬቦ ሰው ስለሆኑ እንደ ስኮርቬ ሊቆጠሩ እንደማይችሉ ሊያስረዳ ሞከረ።

«ይህን ልጅ ያቀፍኩ ቀን ስኮርቬ ነበርኩ» አለች ጉንቮር። «መዝገባችሁ ላይ አለሁ። ካላመናችሁ ክሌመትን ጠይቁት።»

ከደወሉ ቤት «አለች!» የሚል ድምፅ ወረደ።

ቄሱ ሳቁን በመዝሙር መጽሐፉ ሸፈነና ቅዳሴውን ጀመረ። ስብከቱ ሳይጋመስ ትንሿ የሐልቫር ልጅ ከአባቷ እግር ሥር ሾልካ፣ ተሻግራ አያቷ ጉያ ገባች። እሷን ያየው ወንድሟ ተከተለ። ከዚያ ሌላው። በመጨረሻው መዝሙር የስኮርቬ ወንበር ከዳር እስከ ዳር በኔድሬቦ ልጆች ተሞልቶ፣ አስላክ ግድግዳው ላይ እንደ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐልቫር የፈለገውን አገኘ፤ አስላክም ያለውን አልተነጠቀም። የሚወሰን ነገር ጠፋ። አንዱ ልጅ አስላክ ክንድ ላይ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሰውየው ቅዳሴው እስኪያልቅ ክንዱን አላንቀሳቀሰም፣ ለጸሎት ሲነሣም ሰው ሁሉ ቆሞ እሱ ብቻ ተቀምጦ ቀረ።

ከዚያ ኔድሬቦዎች ጀልባቸው ላይ ተሳፍረው ሄዱ። ጉንቮር እጇን አላውለበለበችም፤ የያዘችው ልጅ ነበር። አስላክ ገደሉን ብቻውን ወጣ። እያፏጨ ነው የወጣው። ቤት ደርሶ ፍየሎቹን አለበ፤ ገንፎውን ሠራ፤ ሁለት ማንኪያ አወጣ። ከዚያ አንድ ትንሽ ማንኪያ ከሣጥኑ ሥር ፈልጎ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ሦስተኛ አድርጎ አስቀመጠ። ሲጨርስ ሦስቱንም አጠበ።

ሁሉም እንደነገርኳችሁ ነው፤ ድንቹም፣ ባርኔጣዎቹም፣ በቂጥ መንሸራተቱም። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲወጣ አላፏጨም። ከታች ሆኜ እስከ ደጁ ድረስ አይቼዋለሁ፤ እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ነው የወጣው። አፏጨ ያልኩት ቢያፏጭ ደስ ይለኝ ስለነበር ነው።