ከእጁ ያልተጠጣ ውሃ

ዶክተር አስናቀው ክንዱ በየሳምንቱ በራዲዮ የሚመክረውን ጎንደር ከነገጠሩ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ተራመዱ፣ አረቄ ቀንሱ፣ በጊዜ ተኙ፣ ቂም አትያዙ። የመጨረሻዋን ምክር ያገኛት ከጥናቱ ነው። ከኮሶዬ እስከ ድብ ባሕር በደም የሚፈላለጉ ቤተሰቦችን ከባልደረቦቹ ጋር እየዞረ ሲጠይቅ ከርሞ፣ ገዳዩም የሟች ወገንም እኩል እንቅልፍ እንደሚያጡ፣ ከታረቁት ግን ብዙዎቹ እንደሚተኙ ደረሰበት።

በራዲዮ ያልተናገረው ነገር ቢኖር የራሱን ነው። አባቱ ክንዱ በድንበር ጠብ ኮሶዬ አውድማ ላይ ሲገደል እሱ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበር። ደሙ እስከ ዛሬ አልደረቀም። ጥናቱ እሱንም ቢጠይቀው ኖሮ ከማይተኙት ጋር ይቆጠር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ነርሷ ሶሊያና ወደ ኮሪደሩ ወጥታ “ዋኘው አላምረው!” ብላ ስትጣራ ዶክተሩ ስሙን ለየው። እናቱ ወርቅውሃ ልጅ ሳለ እንዳይረሳው ከጸሎት በኋላ የምታስደግመው ስም ነው።

የገባው ጎበጥ ያለ፣ ጋቢው የሰፋው ሽማግሌ ነው። ከኋላው አያ ባዬ ጭራቸውን ይዘው ተከተሉ። በኮሶዬ አገር ደመኛ እያስታረቁ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌ ናቸው።

“ተቀመጥ” አለው ዶክተሩ። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን “ይቀመጡ” ይል ነበር። “ምንህን ነው የሚያምህ?”

“እንቅልፍ የለኝም። ከእስር ከወጣሁ ወዲህ ዓይኔን ስከድን ክንዱ መንሹን ይዞ አጠገቤ ይቆማል። አይናገር፣ አይሄድ።”

“ምን ያድርግ? ስንዴውን አበራይቶ ሳይጨርስ እኮ ነው የገደልከው።”

ሶሊያና ደነገጠች። ዶክተሩ በበሽተኛ ሲሳለቅ ሰምታ አታውቅም።

“ልጄ፣ በሽተኛ ነው” አሉ አያ ባዬ።

“በሽተኛ ስለሆነማ ነው እዚህ የተቀመጠው፣ አያ ባዬ።”

ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ሠራ። እህል ይበላ እንደሆነ፣ ራሱን ሊያጠፋ አስቦ እንደሆነ ጠየቀው። ዋኘው አንገቱን ደፍቶ “አስቤያለሁ” አለ። ዶክተሩ ብቻውን እንዳይተውት፣ ብቻውንም እንዳያስተኙት አያ ባዬን አዘዛቸው። መድኃኒቱንም በትክክለኛው መጠን አዘዘ። እጁ ላይ እያለ ምን ሊያደርገው እንደሚችል ሳያስብ አልቀረም። ነገር ግን ክኒን ውስጥ የተደበቀ በቀል የፈሪ በቀል ነው። እሱ ሲበቀል ሰውየው ፊት ለፊት እንዲያየው ይፈልጋል።

የመጀመሪያዋ ፍሬ እዚያው መዋጥ ነበረባት። ሶሊያና ክኒኑን ሰጥታው ጠረጴዛው ላይ ካለው ጆግ ውሃ ልትቀዳለት ስትል ዋኘው እጁን አነሳ።

“ከሱ እጅ” አለ።

ሶሊያና አልገባትም። ለዶክተሩ ግን ወዲያው ገባው። ደመኛ ከደመኛው እጅ እህል ውሃ ከቀመሰ ደሙ ደረቀ ይባላል። ሽማግሌ ካየው ደግሞ ማንም አይመልሰውም። አያ ባዬ በሽተኛ ሊደግፉ ሳይሆን ምስክር ሊሆኑ ነው የመጡት።

“በሐኪም ቤት ተሸሽጎ እርቅ አለ እንዴ፣ አያ ባዬ?”

“ምን እናድርግ? እናትህ ደጅ ብንሄድ ውሻ ለቀቀችብን! አንተው በራዲዮ የታረቀ ይተኛል አላልክም? ይኸው ሰምቶ፣ መድኃኒቴ እሱ ጋ ነው ብሎ መጣ። እኔንም ከእርሻዬ ነቅሎ አመጣኝ።”

እውነታቸውን ነው። እንዲህ ላለው ሰው ከክኒኑ ይልቅ ያ ውሃ እንደሚበልጥ ከአስናቀው የተሻለ የሚያውቅ በአገሩ የለም። ደስ ያለውም ለዚህ ነው። ጠመንጃ ይዞ አያውቅም፣ ተመኝቶም አያውቅም። ዛሬ ግን የአባቱ ገዳይ ከሱ በቀር ማንም ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ለመነው።

“መድኃኒቱን አልከለክልህም” አለው። “ክትትሉንም አልከለክልህም። ይህን የሚሰጥህ ሐኪሙ ነው። እርቁ ያለው ግን የክንዱ ልጅ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ሥራ አልገባም።”

“ታዲያ ለሰው የምትመክረው ውሸት ነው?”

“እውነት ነው። ለሰው።”

ዋኘው “የሌላ ሰው ውሃ ፍለጋ አይደለም የመጣሁት” ብሎ ክኒኑን በደረቁ ጎረሰ። ጉሮሮው ላይ ቀረችበት። ሳል አጣደፈው፣ ዓይኑ ቀላ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ አጎነበሰ።

የዶክተሩ እጅ ወደ ጆጉ ሄደ። እጀታውን ሲነካ ነቃና እጁን መልሶ የነጭ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ሶሊያና ጀርባውን እየመታች አጠጣችው። ዋኘው ከሷ እጅ ጠጣ፣ ተረጋጋ፣ አፉን በጋቢው ጠረገ። ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

አያ ባዬ ደግፈው አስነሱትና በሩ ላይ ዞር አሉ።

“ልጄ፣ እጅህ ሄዶ ነበር እኮ። አይቼዋለሁ።”

“አዎ፣ ሄዶ ነበር” አለ ዶክተሩ። “እኔ ነኝ የመለስኩት። በሳምንቱ ይዘውት ይምጡ፤ ሶሊያና ታጠጣዋለች።”