የጀርባው ዚፕ

ግማሽ ይበቃል፣ ሁልጊዜም ግማሽ ይበቃ ነበር፣ ለሬሳ ልብስ ፊት ለፊቱን ብቻ ትሰፋና ከኋላ በሁለት ጥብጣብ ታስረዋለህ፣ ማን ገልብጦ ያያል፣ የሬሳ ሳጥን ሻጩ ራሱ ነው ያስተማረው፣ ለጀርባ ጨርቅ አታባክን ወዳጄ፣ ሞቶ የተነሣ የለም፣ እያለ እየሳቀ፣ እሱም፣ ልብስ ሰፊው፣ አብሮ ስቆ፣ ስቆ ሃያ ዓመት እንጀራውን በልቶበታል፣ አሁን ግን ሰማያዊው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ የፊቱ ተቆርጦ አልቋል፣ መቀሱ እጁ ላይ ነው፣ ሚስቱ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ታጥባ፣ አንሶላ ለብሳ፣ ቀሚሷን እየጠበቀች ነው።

እየጠበቀች። ይኸው፣ የሞተ ይጠብቃል እንዴ።

ጋሼ፣ አልደረሰም? የሚስቱ ታናሽ እህት ናት፣ በበሩ ብቅ ብላ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንወጣለን እኮ፣ ደርሷል ይላታል፣ አልደረሰም። እንዲያው ከኋላ ክፍት አድርገው፣ ትላለች፣ ለማልበስ ይቀላል፣ ገላዋ እኮ፣ ሳትጨርሰው ትመለሳለች፣ ደግ አደረገች።

ክፍት አድርገው። ስንቱን ክፍት አድርጎ ሸኘ፣ ዳኛውን፣ የዳቦ ቤቷን ሴትዮ፣ ያንን በር ጎንበስ ሳይል የማያልፍ ሹፌር፣ መለከት የተነፋ ቀን እነዚያ ሁሉ ጀርባቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ሊነሡ ነው፣ ማነው የሰፋው ሲባል ጣት ሁሉ ወደ እሱ፣ ሊስቅ ይልና ይተወዋል፣ የቀልድ ነገር አይደለማ፣ ወይ ይነሣሉ ወይ አይነሡም፣ መሃል የለውም፣ ዕድሜውን ሙሉ እሁድ እሁድ ሙታን ይነሣሉ እያለ፣ ሰኞ ሰኞ ግማሽ ልብስ ሲቆርጥ ኖረ፣ አፉ አመነ፣ መቀሱ ካደ፣ እሷ ይህን ታውቅ ነበር ይሆን፣ ሳታውቅ አትቀርም።

ጎረቤቱ መምህር ጠዋት መጥቶ ነበር፣ የተማረ ሰው፣ ደግ ሰው፣ ትንሣኤ እኮ በምሳሌ ነው፣ በልብህ ውስጥ ትኖራለች፣ አለው እጁን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ አሜን አለ፣ በልቤ? ሐኪም ጨው ቀንስለት ባለው ልብ? ነገ ቀጥ በሚለው? ከሞተች ገና አንድ ቀን፣ ያ ጠባሳዋ በየትኛው ጉልበቷ ላይ እንደነበር ጠፍቶበታል፣ በቀኝ፣ አይ በግራ፣ እንዲህ ነው እንግዲህ የሚያኖራት፣ ትዝታ ቀሚስ አይለብስም፣ እሱ የሚፈልገው እሷን ነው፣ የምታንኮራፋዋን፣ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እያለች፣ ጫፉ ያልታጠፈ ቀሚስ በመርፌ ቁልፍ ይዛ ገበያ የምትወጣዋን፣ እሷ ካልተነሣች ሌላው ሁሉ ለሐዘንተኛ የሚባል ጥሩ ቃል ነው።

ቄሱ ግን እንዲህ አላሉም፣ ልጄ፣ ክርስቶስ ካልተነሣ እኔ ይህን መስቀል ይዤ አርባ ዓመት ሰው እያታለልሁ ኖሬአለሁ፣ ከተነሣ ግን የእሷም ነገር አላለቀም፣ አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ድሮ ጠይቋቸው ነበር፣ አባ፣ መግነዙን መቃብር ውስጥ ትቶ ከወጣ ምን ለብሶ ወጣ፣ ሴቲቱ አትክልተኛ መስሏት የለ፣ ራቁቱን የቆመ ሰው አትክልተኛ አይመስል፣ ቄሱ እስኪያስላቸው ስቀው፣ አንዱ ቁስሉን ካልነካሁ አለ፣ አንተ ደግሞ ልብሱን፣ ሰው ሁሉ በሙያው ነው የሚጠራጠረው፣ ሚስቱ ግን አልሳቀችም፣ መንገድ ላይ ክንዱን ይዛ፣ አንተ፣ ገላ ባይኖረው ልብስ ምን ያደርግለታል፣ ስለ ልብሱ መጠየቅህ እኮ ማመንህ ነው፣ አለችው።

ይቆርጣል። ሙሉ ጀርባ፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ፣ ትርፍ ሁለት ጣት፣ ብትወፍርስ፣ እዚያ ምን እንደሚበላ ማን ያውቃል፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ፣ የስፌት መኪናው ይጮሃል፣ ጎኑና ጎኑ ይገናኛል፣ የቀረው መዝጊያው ነው፣ ቁልፍ ከፊት ወይስ ዚፕ ከኋላ፣ እግሩ ይቆማል።

ከደረጃ ከወደቀች ወዲህ ቀኝ ክንዷ ወደ ላይ አይወጣም፣ ሰባት ዓመት፣ እሁድ ጠዋት ጀርባዋን ሰጥታው፣ ፀጉሯን በግራ እጇ ሰብስባ፣ ዝጋልኝ፣ ቶሎ በል፣ ቄሱ አንተን አይጠብቁም፣ እሱ ይስባል፣ ሲያበቃ ትከሻዋን ሁለቴ ቸብ ቸብ፣ ጨርሻለሁ፣ ዙሪ ማለት ነው፣ ዛሬ ዚፕ ከኋላ ካደረገ ታዲያ ማን ይዘጋላታል፣ ያን ቀን እሱ የት ይሆን፣ ግማሽ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ከእሷ ጋር በአንድ በኩል ያቆሙታል ወይ፣ ቁልፍ ይሻላል፣ ከፊት፣ በግራ እጇ ትቆልፈዋለች፣ ብቻዋን። ብቻዋን። ይፈራል፣ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም፣ ደግሞስ ክንዷ ድኖ ቢሆን፣ ራሷ ብትዘጋው፣ ባትፈልገውስ።

ቆይ ግን፣ የተጋቡ ዓመት፣ ያኔ ክንዷ ምን ነበረው፣ ምንም፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ትንጠራራ ነበር፣ ያኔም ዝጋልኝ ትለው ነበር፣ ትደርስበት ነበር እኮ፣ እጇ ይደርስ ነበር፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሳያስተውል፣ ደንቆሮ፣ እንባው ጨርቁ ላይ ጠብ ይላል፣ ሰማያዊ ላይ ያስታውቃል፣ ይድረቅ፣ መሳቢያውን ከፍቶ ረጅሙን ዚፕ ያወጣል።

ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙሉ ነው፣ ትላለች እህቷ፣ ሙሉ ነው፣ ይላታል፣ ያዥልኝ። ጊዜ ይወስዳል፣ ቀኝ ክንዷ እንደ ልማዱ እምቢ ይላል፣ ቀስ፣ እንደዚህ፣ በጎን ያዞሯታል፣ ፀጉሯን እህቷ ትሰበስብላታለች፣ ጀርባዋ ቀዝቃዛ ነው፣ በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ራሱን አይዋሽም፣ ሞታለች፣ ዚፑ ከወገቧ ይነሣል፣ ወደ ላይ፣ ገላዋን ሳይነክስ፣ እስከ አንገቷ፣ እጁ ሳያዘው ወደ ትከሻዋ ይሄዳል፣ አንዴ ቸብ ያደርጋል፣ ሊደግም ሲል እጁን ይመልሳል፣ ሁለት ከሆነ ጨርሻለሁ ማለት ነው፣ አልጨረሰም፣ ሁለተኛዋ ትቆይ፣ ስትነሣ