ጥርስ ያለበት ጥቅል

ጥፋቱ የእኔ ነው። ካልጋሪ ውስጥ ስንት የኢንሹራንስ ሻጭ ሞልቶ፣ አማርኛ ይችላል ብዬ የፓስተራችንን ልጅ ሩቤንን ቤቴ ጠራሁት። እማዬ በገዛ አፏ ታናግረው፣ እኔም አንድ ቅዳሜ እንኳ ከማስተርጎም ልረፍ ብዬ ነበር። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1996፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው።

እማዬ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ በእናቶች ኳየር ውስጥ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ነበር የምትዘምረው። ቆይታ መዘመሩንም ተወችና የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች። ኢንሹራንሱን የፈለገችው ለጥርሷ ነው፤ ሌላው ጉዳይዋ አልነበረም።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። በጥር ወር ሐኪሟ ስኳር እንዳለባት ነገራት። በዚያው ሳምንት የሩቤን አባት፣ ፓስተር ደርበው፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት፤ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆማ "ስኳሩ ለቆኛል፣ ተፈውሻለሁ" ብላ መሰከረች። ሰው እልል አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ በሽታውን በስሙ መጥራት ክልክል ሆነ። አንዴ አምልጦኝ ብጠራው "ምሥራች፣ በአፍሽ አትመልሺብኝ!" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ክኒኗን ግን በየወሩ አመጣላታለሁ። እየዋጥሽ ነው ወይ ስላት "እሱን ለእኔ ተዪው" ትላለች። ጠርሙሱ ከወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ስለሚነሳ፣ እየዋጠች ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሩቤን ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ያለው ቤታችን ሲደርስ ክራቫት አስሮ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በሕፃንነቱ ስለመጣ አማርኛው ከቤተ ክርስቲያን የለቃቀማት ናት። ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"እትዬ ውድነሽ፣ ይሄ ቤዚክ ነው፤ መድኃኒትና አምቡላንስ ብቻ። ሚድሉ ዴንታልና መነጽርም አለው። ሦስተኛው ትራቭልም ይጨምራል፣ ግን ውድ ነው።"

"ጥርሱን ብቻ ስጠኝ" አለች እማዬ።

"አይቻልም እትዬ። ፓኬጅ ነው፤ ሁሉም አብሮ ነው የሚሸጠው።"

"ጉድ እኮ ነው! ጨው ልገዛ ብሄድ በርበሬም ካልወሰድሽ ሊሉኝ ነው?"

ሦስተኛውን "የት ልሄድ ነው?" ብላ ገፋችው። የመጀመሪያው ጥርስ የለበትም። መካከለኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች። በአምስት ደቂቃ አለቀ ብዬ ደስ ሲለኝ ሩቤን ወረቀቱን ገለበጠ።

"ኦኬ፣ አሁን ሄልዝ ኩዌስችንስ። ባለፈው አምስት ዓመት ዶክተር ስኳር አለብሽ ብሎ… ሶሪ፣ አለብዎት ብሎ ነግሮዎት ያውቃል?"

እማዬ ወደ እኔ አላየችም። "የለብኝም ብለህ ጻፍ።"

ደሜ ፈላ። "እማዬ፣ ሐኪሙ ጽፎታል እኮ!"

"እሱ ይጻፍ። ጌታ ፍቆታል።"

"የለብኝም ብላ ብትፈርም ምን ይመጣል?" አልኩት ሩቤንን።

"ክሌም ስታደርጉ፣ ክፈሉን ስትሉ ማለት ነው፣ የዶክተሩን ፋይል ቼክ ያደርጋሉ። ካገኙት ሁሉንም ካንስል ነው፤ ጥርሱንም። የስ ካሉ ግን ይቀበሏቸዋል። የስኳሩን መድኃኒት ብቻ አንድ ዓመት አይከፍሉም። ጥርሱ ኖ ፕሮብለም።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልመልስላት ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። አፏን በእጇ ሸፍናለች። "አለብኝ" ካለች ምስክርነቷን የምታፈርሰው በፓስተሩ ልጅ ፊት ነው። ሞኝነቴ ያኔ ገባኝ። አንድ ፈረንጅ ጠርቼ ቢሆን ኖሮ እኔው በእንግሊዝኛ "የስ" ብዬ አልፈው ነበር።

ሩቤን እስክሪብቶውን አስቀምጦ አንገቱን አከከ።

"እትዬ፣ ይሄን መናገር የለብኝም። ዳዲ ራሱ እዚህ ጥያቄ ላይ የስ ነው ያለው። ስኳር ከያዘው አራት ዓመቱ ነው። መርፌ ይወስዳል።"

እኔ በንዴት ጦፍኩ። ሰውዬው የራሳቸውን መርፌ በጓዳ እየተወጉ እናቴን በአደባባይ ያስመሰክራሉ! እማዬም የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን፣

"ምስኪን" አለች። "ለእሳቸውስ ማን ጸለየላቸው?"

"አይ ዶንት ኖው። ለማንም አልነገረም።"

"እኔ እጸልይላቸዋለሁ። በል አንተ ጻፍ። አለባት በል።"

ጻፈ። ቀስ ብላ በአማርኛ ፊደል ፈረመች። ከዚያ መኝታ ቤቷ ገባችና የክረምት ቦት ጫማዋን ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ከውስጡ የክኒን ጠርሙሶች እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ስምንት ነበሩ፤ ከጥር ጀምሮ በየወሩ ያመጣሁላት። ስምንቱም እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው።

አንዱን ከፈተችና አንዲት ክኒን መዳፏ ላይ አስቀመጠች።

"ምሥራች" አለችኝ፤ "ይሄ ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚዋጠው?"