የትል ብስኩትና ይሉኝታ

ሰው በየቀኑ ይወለዳል፤ መሬት ግን መውለድ ካቆመች ቆይታለች። ይህን ችግር ለመፍታት በአንድ የምርምር ተቋም ከፎቶኮፒ ክፍሉ አጠገብ ባለች ጠባብ ቤተ ሙከራ አንዲት ተመራማሪ የዝንብ እጭ ታረባለች። እጮቹ ከገበያ የተጣለ ጎመንና ቲማቲም ይበላሉ፣ ይወፍራሉ፣ ደርቀው ይፈጫሉ፣ ብስኩት ይሆናሉ። ግጦሽ አይጠይቁ፣ ዝናብ አይጠብቁ። ባልደረቦቿ "የትል እናት" ይሏታል፤ እሷም ስሙን በጸጋ ተቀብላዋለች።

ሐሙስ የገንዘብ ሰጪው ኮሚቴ ሰብሳቢ ይመጣሉ። ብስኩቱን ከወደዱት ሥራው ወደ ፋብሪካ ያልፋል፤ ካልወደዱት ቤተ ሙከራው የወረቀት ማከማቻ ይሆናል።

የትል እናት ግን አልተጨነቀችም። ለምን ትጨነቅ? በየሳምንቱ ከምሳ በኋላ ባልደረቦቿን ሰብስባ ታስቀምሳለች፤ ሁሉም ቃላቸው አንድ ነው።

"እጅ ያስቆረጥማል!" ይላል የሒሳብ ሹሙ።

"ሌላ የለም እንዴ?" ትላለች ጸሐፊዋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ለመውጣት እየተነሳች።

ረቡዕ ከሰዓት የቅምሻ ክፍሉን ለእንግዳዋ ስታሰናዳ፣ ጥግ ላይ ያለው ተክል ዓይኗን ሳበው። የፎቁ ተክሎች በሙሉ ጠውልገው ይህኛው ብቻ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። አፈሩን ጫር ጫር አደረገችው። ብስኩት። ጠለቅ አለች። አሁንም ብስኩት፣ አንዳንዱ በናፕኪን ተገንዞ በክብር የተቀበረ።

ባልደረቦቿን ጠራቻቸው። እንደ ለቀስተኛ የተክሉን ማሰሮ ከበው ቆሙ።

"ማነው?"

ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። በመጨረሻ ሁሉንም በዕድሜ የሚበልጡት የብስኩት ምድጃው ሠራተኛ፣ ጋሼ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ይሉኝታ ይዞን ነው። ስትደክሚ እያየን በምን አፋችን..."

"ለሕፃናት ልመግበው ነበር እኮ ጋሼ!"

"እሱንማ እኛም እየፈራን ነበር።"

"ምን ምን ይላል ታዲያ? ንገሩኛ!"

ጸሐፊዋ ቀና አለች። "አንቺንስ ምን ምን አለሽ?"

የትል እናት ለዓለም ሕዝብ ያሰናዳችውን ብስኩት ራሷ ቀምሳው አታውቅም። መዝናዋለች፣ ፕሮቲኑን ለክታለች፣ በየጉባኤው ንግግር አድርጋበታለች። ትል ግን ያስጠላታል።

"በይ እንግዲህ" አሉ ጋሼ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አድርገው፣ "ቸር ያሰማን።"

ዓይኗን ጨፍና ገመጠች። መጀመሪያ አሸዋ መጣ፣ ቀጥሎ የከረመ ዘይት። እያኘከች ምክንያቱ ገባት። ፕሮቲኑ እንዳይጎዳ ብላ እጩን ሳትቆላው፣ ዘይቱንም ሳትጨምቀው በለስላሳ ሙቀት ስታደርቀው ኖራለች። ቁጥሩ አምሮ ጣዕሙ ሞቷል።

"ዋጠችው!" አለ የሒሳብ ሹሙ በአድናቆት።

ሐሙስ ሰብሳቢዋ መጡ፤ ረጋ ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። ብስኩቱን ገመጡና ብዙ አኘኩ።

"ግሩም ነው፤ በጣም ግሩም" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ሥራው አለፈ ማለት ነው። የትል እናት ከኋላዋ የሒሳብ ሹሙ እፎይ ሲል ሰማች። እሷም ዝም ብትል በቃ፣ ፋብሪካው የእሷ ነው።

"እትዬ፣ ይሉኝታውን ይተዉት" አለች። "ትላንት እኔም ቀምሼዋለሁ።"

ሰብሳቢዋ አዩዋት። ከዚያ ናፕኪን አንስተው ያኘኩትን ተፉበት። ውሃ ጠጡ። ደገሙ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ለጠላትም አይሰጥ!"

"ይስተካከላል። እጩ መቆላት፣ ዘይቱም መጨመቅ ነበረበት። ፕሮቲኑ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ሰው ይበላዋል። ጊዜ ይስጡኝ።"

"ፋብሪካውን ለጊዜው እርሺው" አሉ ሴትየዋ መነጽራቸውን እየወለወሉ። "ቤተ ሙከራውን አልዘጋብሽም። ግን ሁለተኛ ራስሽ ቀድመሽ ሳትበዪ እንዳትጠሪኝ።"

በሳምንቱ ባልደረቦቿ ከምሳ በኋላ ተሰበሰቡ። የቆሎ ዓይነት ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። የትል እናት ቀድማ በላች፤ ከዚያ ሳህኑን አዞረች።

"ካርቶን ካርቶን ይላል" አለ የሒሳብ ሹሙ።

"እርጥብ ነው ደረቅ?"

"ደረቅ።"

"ተመስገን! ለውጥ አለ።"

"ጨው ጨምሪበት፤ ስኳሩን ደግሞ ቀንሺው፤ ማንን ልታታልዪ ነው?" አለች ጸሐፊዋ።

"እርስዎስ ጋሼ?"

ጋሼ በእጃቸው ጠብቂ አሏት። ገና እያኘኩ ነበር።