ጥቁር ሁሉ የተቃጠለ አይደለም

አባቴ የአንድ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥፋት አልተገኘበትም። ባለፈው ሳምንት ግን ሣር ማጨጃው ሲያጨስ ቆይቶ ቀጥ አለ። የንብረት ክፍል ኃላፊውም ማሽኑ ሳይፈታ ጥፋተኛውን አገኘ። ሠራተኛው ሰውየውን “አቶ መመሪያ” ነው የሚለው፤ መመሪያ ሳይጠቅስ አያስነጥስም።

እኔ ስደርስ ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። “በቸልተኝነት ዘይት ባለመሙላቱ ሞተሩ ስለተቃጠለ ከሥራ ተሰናብቷል” ይላል። የቀረው የሜካኒክ ፊርማ ብቻ ነው። መቼም ፍርዱ ካለቀ በኋላ ምስክር መጥራት ትልቅ ጨዋነት ነው።

“ሜካኒኩስ?” አለኝ ከኋላዬ ሰው እየፈለገ።

“እኔ ነኝ።”

“አንቺ?”

“ሌላ ይዤ አልመጣሁም።”

የአትክልተኛው ልጅ መሆኔን አልጠየቀኝም፤ መመሪያው ውስጥ የለም መሰለኝ። አባቴ የውሃ ጎማውን እንደያዘ ጥግ ላይ ቆሟል።

አቶ መመሪያ የጭስ መውጫውን፣ እኛ ማርሚታ የምንለውን፣ በእስክሪብቶው አሳየኝ። “ይኸው፣ ጥቁር ነው። ጥቁር ከሆነ ተቃጥሏል።”

“እንዲህ ከሆነማ እቤትዎ ያሉት ድስቶችም ዘይት አልተሞላላቸውም።”

ጣቴን ማርሚታው አፍ ውስጥ አዙሬ አወጣሁት። “ደረቅ ጥላሸት ቢሆን አየር አጥሮት ነው እንል ነበር። ይሄ እርጥብ ነው፤ ይንኩት።” ልብሱን አይቶ ወደ ኋላ አለ። እኔም መጥረጊያ ስላጣሁ ጣቴን በደብዳቤው ጀርባ ጠረግኩት። ቅባቱ ወረቀቱን አልፎ “በቸልተኝነት” የሚለው ቃል ላይ ብቅ አለ።

ቀጥዬ የማስነሻውን ገመድ ሳብኩት፤ ሞተሩ ያለ ችግር ዞረ። “ዘይት ያጣ ቢሆን ደርቆ ይያዝ ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር የዘይት ፓምፕ የለውም። ውስጡ ማንኪያ የምትመስል ብረት አለች፤ እሷ ናት ዘይቱን ከሥር እየጨለፈች የምትረጨው። ዘይቱ ከልኩ ሲያልፍ እሳቱ ዘንድ ይደርስና ይነዳል፤ ጭሱም ሰማያዊ ይሆናል። ማሽኑን ያሳመመው ጥጋብ ነው እንጂ ጥማት አይደለም።”

አቶ መመሪያ መመሪያውን አውጥቶ ገጽ በገጽ ገለጠ። “ስለ ዘይት ማነስ እንጂ ስለ መብዛት የተጠቀሰ ነገር የለም” አለ በሐዘን። ደብዳቤውን ሳያስፈርመኝ አጣጥፎ ሄደ።

ድሌን ላጣጥም ወደ አባቴ ዞርኩ። “አባዬ፣ ዘይት እንዲህ የሚገለብጠው የትኛው ደንቆሮ ነው?”

ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። “እኔ ነኝ ልጄ። መለኪያው ላይ ያለችው መስመር አትታየኝም። ከጠፋችኝ ዓመት አልፏታል። ከሚያንስ ይብዛ እያልኩ ነው የምሞላው።”

ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ዓመት ሙሉ ጋዜጣ አቀብሎኝ “አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል” ሲለኝ ድምፄ እውነት የሚያምር መስሎኝ ስኮራ ነበር። የሰው ማሽን ሕመም በጭሱ የምለይ ባለሙያ እኮ ነኝ!

ትርፉን ዘይት ቀዳሁለት፤ እሳት የሚጭረውን፣ በቅባት የታፈነውን ካንዴላም አጸዳሁ። ከዚያ ሞረድ አውጥቼ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ፣ መስመሯ ካለችበት፣ ጥርስ አወጣሁለት። አውራ ጣቱን ይዤ አሳረፍኩበት።

“እዚህ ድረስ ከረጠበ በቃው።”

ደጋግሞ ዳሰሰው። “ይቺማ ትታወቃለች” አለ ፈገግ ብሎ።

“ነገ ዓይን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።”

“መጀመሪያ ማሽኑ ይነሳ።”

ገመዱን ሳብኩት። የተረፈው ዘይት እስኪነድ ሰማያዊ ጭስ ተንቦለቦለ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ጠፋ። ሞተሩ ሳይንገጫገጭ መሥራት ጀመረ። አባቴ ፊቱን ወደ ማርሚታው አዙሮ ብዙ ጠበቀ።

“አሁንስ፣ ጭሱ ጠራ?” አለኝ።