የባዕድ ዘፈን አስተርጓሚ

መምህር ሙሉሃብት ሦስት ሳምንት ሙሉ መቀመጥ አቅቶት ነበር። ክፍል ገብቶ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ጠመኔውን እንደያዘ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል። ከትምህርት ሲወጣ የላሊበላን አቀበት ያለ ጉዳይ ወጥቶ ያለ ጉዳይ ይወርዳል። ምክንያቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ከሰሜን ጦር ግንባር የመጣ ደብዳቤ በኮቱ የውስጥ ኪስ አለ። አብሮ አደጉ ከፋለ ሲዘምት፣ እናቱ ማንበብ ስለማይችሉ የሙሉሃብትን ስም በተጠሪነት አስመዝግቦ ኖሮ፣ የሞቱ ወሬ የደረሰው እሱ እጅ ነው። የከፋለ እናት እትዬ አሰለች ደግሞ በየቀኑ መንገድ ላይ እየጠበቁ፣ "ሙሉዬ፣ ከልጄ ወረቀት አልመጣም?" ይሉታል።

"አልመጣም" ይላል፣ እርምጃውን እንኳ ሳይገታ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1972 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከደሴ ፊልም የሚያሳይ ላንድሮቨር መጣ። የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፤ ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ተወጠረ፤ ጄኔሬተሩ ከደጅ ማጓራት ጀመረ። ስለ ኅብረት እርሻ ፊልም ይታያል ተብሎ ሰዉ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ሳይቀር ግልብጥ ብሎ መጥቷል። ፊልም አሳዪው አብዱልሀሚድ ግን የፊልሙን ቆርቆሮ ከፍቶ ጥቅሉን ወደ ብርሃን ሲያነሳ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ወላሂ፣ ተሳስተው ነው የሰጡኝ" አለ። "ይሄ የእርሻ አይደለም፣ የዘፈን ፊልም ነው።"

"የምን ዘፈን?" አለ የፖለቲካ ኃላፊው ጓድ ታፈረ።

"የፈረንጅ። ዓለም ያበደላቸው አራት ጸጉራም ጎረምሶች አሉ፣ ባንድ ናቸው። ራሳቸው ፊልሙ ውስጥ የሉም። ሌሎች ሰዎች ዘፈኖቻቸውን ሰብስበው ነው ታሪክ የሠሩበት፤ ሰዎቹ ሲጣሉም ሲታረቁም በእነሱ ዘፈን ነው።"

ታፈረ የታጨቀውን አዳራሽ አየ። "ይህን ሁሉ ሕዝብ ጠርቼ በባዶ ልመልሰው? መምህር ሙሉሃብት! ና ማይክራፎኑን ያዝ። ዘፈኑን ተርጉም፤ ታዲያ በመደብ ዓይን!"

ሙሉሃብት ባንዱን ያውቀዋል። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለ በሸክላቸው ጫማው እስኪበሳ ጨፍሯል። ግጥሙን ግን ያኔ ማን ልብ ብሎት! አሁን ጊታሩ ሲጮህ፣ ከበሮው ሲደበልቅ፣ ከአሥር ቃል አንድ እንኳ አልያዘም። ስለዚህ ፈጠረ። አንድ ወጣት በባቡር ከእናቱ ተለይቶ ወደ ትልቅ ከተማ ሲሄድ፣ "ጭቁን ሠራተኛ ነው፤ መብቱን ፍለጋ ይሄዳል" አለ። አጭር ቀሚስ የለበሰች ልጅ ባቡሩ ጣሪያ ላይ ወጥታ ስትደንስ አንዱ ሽማግሌ፣ "ይህችስ ማናት?" ቢሉት፣ "የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናት" አላቸው። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ታፈረም ራሱን ነቀነቀ። ሙሉሃብት ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አለው።

ወዲያው ከበሮው ጸጥ አለና አንዲት ጊታር ብቻ ቀረች። የወጣቱ እናት ማዕዱን አሰናድታ፣ ሁለት ሳህን አስቀምጣ፣ በሩን እያየች መዝፈን ጀመረች። በዚያች ቅጽበት እንግሊዝኛው እንደ ጠዋት ደወል ጥርት ብሎ ተሰማው። "ብቻዬን መብላት አልለመድኩም" ነው የምትለው።

"ሙሉዬ" አሉ እትዬ አሰለች ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ብድግ ብለው፣ "ምን እያለች ነው?"

አዳራሹ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ።

"'ልጄ ሰሞኑን ይመጣል' ነው የምትለው" አለ።

እትዬ አሰለች እልል አሉ።

በማግስቱ በቤታቸው በኩል ሲያልፍ ሙቀጫ ይዘው ጌሾ ሲወቅጡ አገኛቸው። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

"ጌሾው ለምንድን ነው፣ እትዬ?"

"ምነው፣ ትናንት ከአፍህ አልሰማሁም? ገድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ጠላ ሳልጠምቅ ቢደርስብኝስ?" አሉና ሳቁ። "ጎረቤቱንም ጠርቼዋለሁ።"

ሙሉሃብት እሮጣለሁ ሳይል እየሮጠ ነበር። የእትዬ አሰለች ነፍስ አባት ቄስ አረጋ ቤት ደርሶ ደብዳቤውን ፊታቸው ዘረጋ። ቄስ አረጋ ቀኑን አይተው ቀና አሉ።

"ሦስት ሳምንት? የሰው ልጅ ሞቶ፣ ሳይለቀስለት፣ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ሦስት ሳምንት በኪስህ?"

"ፈራሁ፣ አባቴ።"

"አንተ ብትፈራ እሷ ከመስማት ትድናለች?"

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰበሰቡ። መርዶ በሽማግሌ አፍ ነው ደንቡ። ሙሉሃብት ግን፣ "ውሸቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ እውነቱንም እኔ ልንገራቸው" ብሎ ለመነ። እትዬ አሰለች በራቸውን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ፣ እሱ አፉን እስኪከፍት አልጠበቁም። የጮኹት ጩኸት መንደሩን አስነሣው።

ከዚያ በኋላ ከወር በላይ አላናገሩትም። ሰላም ሲላቸው አንገታቸውን ይሰብራሉ። በመካከሉ ስለ ዘፈኑ ፊልም ከበላይ ጥያቄ መጣ፤ ታፈረም ጥፋቱን በአስተርጓሚው ላከከ። ሙሉሃብት ወደ ወገል ጤና ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሊሄድ ሲል እትዬ አሰለች አስጠሩት። ጥቁራቸውን ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቁጭ በል አላሉትም።

"ያቺ ሴት በእውነቱ ምን ነበር ያለችው?"

"ብቻዬን መብላት አልለመድኩም።"

"ያን ዕለት አንተ ይህን ብትለኝ ይገባኝ ነበር።"

"አውቄ ነው ያልነገርኩዎት።"

"ዛሬ ይቅር አልልህም" አሉ። "ከወገል ጤና ስትመጣ ግን እኔ ቤት ግባ።"

በፋሲካ መጣ። መጀመሪያ የገባው እሳቸው ቤት ነበር።