ትርሲት የተዋሰችው ድምፅ

ሰኞ ጠዋት ትርሲት ለስልክ ቃለ መጠይቅ የሚሆን ድምፅ ከታላቅ እህቷ ተዋሰች። ሌላው ሰው ለእንዲህ ያለ ቀን ኮትና ጫማ ነው የሚዋሰው። በስልክ ለሚጠየቅ ሰው ግን ጫማ ምን ሊያደርግለት?

ትርሲት ሙያው አይጠፋትም፤ ኔትወርክ ሲበላሽ ከየት እንደሚጀመር ተኝታም ትመልሳለች። ችግሩ ድምጿ ነው። አለቃ ያናገራት እንደሆነ እንደ ፈሪ ድመት ጠረጴዛ ሥር ይገባል። የእህቷ የውብዓለም ድምፅ ግን፣ እርጋታው! ገና አፉን ያልፈታ ልጇን በዚያ ድምፅ ነው የምታስተኛው።

"ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ እታለም፣ በሞቴ" አለች ትርሲት።

"ልጁ ሳይነቃ መልሽልኝ" አለች ውብዓለም። ከዚያ ሳል ብላ ድምጿን ሻይ ብርጭቆ ውስጥ አወጣችው።

ትርሲትም የራሷን አውጥታ ሌላ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጠችና የእህቷን ለብ ባለ ውሃ ዋጠችው። ልኳ ሆነ።

ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ።

"ሰርቨሩ ድንገት ቢጠፋ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?" አሉ ጠያቂው።

"መጀመሪያ አልደነግጥም። ቀጥዬ ኬብሉን አያለሁ።"

ሰውዬው ሳቁ። "ከነገ ጀምሮ ነይ። ደንበኞቻችንን በስልክ የምትረጂው አንቺ ነሽ፤ ድምፅሽ ራሱ ያረጋጋል።"

ውብዓለም እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ትርሲት ባዶውን ብርጭቆ አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። አይ ሰው!

"የሙከራ ጊዜዬ እስኪያልቅ ብቻ" አለቻት።

ውብዓለም እሺም እምቢም አላለች። በምን አፏ?

ልጁ ሲነቃ ውብዓለም የትርሲትን ድምፅ ለካችው። ልጁ ባዳ እንዳየ ሆኖ እሪ አለባት፤ መልሳ ተፋችው። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ ትታቀፈዋለች።

ትርሲት ቤት ስትገባ እህቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ጥፋቷን አሳምራ ታውቀዋለች። የሙከራ ጊዜው አለቀ። ነገ እመልሳለሁ ትላለች፤ ነገም ሥራ አለ። ያን የፈሪ ድምፅ ይዛ ቢሮ መግባት ሞት መሰላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሳለች ውብዓለም በቪዲዮ ደወለች። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ እስኪጠቁር ያለቅሳል። ውብዓለም ስልኩን ምንጣፉ ላይ አቁማ አየቻት።

ትርሲት ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። "እሹሩሩ፣ የኔ ጌታ" አለች፣ ባልደረቦቿ እየሰሟት።

ልጁ ዝም አለ። ከእናቱ ጭን ወርዶ ወደ ስልኩ ዳኸ። ፊቱ እስክሪኑን ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ቆመና አፉን ፈታ።

"እማ" አለ።

ከኋላው የውብዓለም ከንፈሮች ተከፈቱ። ቢሮ ውስጥ፣ ትርሲት ሳታስበው፣ ከአፏ "ወዬ" የሚል ድምፅ ወጣ።